የተበሳ ኮረሪማ

እናቴ ኮረሪማ የምትሸጠው በክር ነበር። ቀዩ ፍሬ ከጫካ ሲመጣ ወገቡን በወስፌ ትበሳዋለች፣ ሃምሳ ሃምሳውን በቃጫ ትሰካዋለች፣ ከዚያ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ሦስት ሳምንት ይሰቀላል። ሲወርድ ቡናማ ሆኖ፣ ቀልሎ፣ እርስ በርሱ ሲነካካ የሚንኳኳ ይሆናል። ገዢው አንዱን ክር አንሥቶ አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ይደቅናል፤ ወይ ይከፍላል ወይ ይሄዳል። ብዙ ወሬ የለም።

እኔ ክር ሐሜተኛ ነው እላለሁ። ሳይደርቅ ገበያ የወጣ ኮረሪማ በአራተኛው ቀን ቀዳዳው ዙሪያ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት ቀዳዳው ያሳጣዋል። ባህሪያ የምትባለው እናቴ ገበያ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ለዚህ ነው፣ ክሩ ይናገርላታል። ቤት ውስጥ ለመናገር ደግሞ እኔ አለሁ።

እኔ አርዋ እባላለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ። ለሰው ሲሆን እናቴን ላግዝ ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሂሳብ ነው ያባረረኝ። ገበያችን ግራዋ ሥር ይባላል፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ገበያ ናት። ግራዋው ከተቆረጠ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ስሙን ግን የቆረጠው የለም።

በነሐሴ መጨረሻ የንግድ ቁጥጥሩ ሠራተኛ ዓለምሰገድ ነጋዴውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበ። ዓለምሰገድ ክፉ ሰው አይደለም። ወጣት ነው፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ በዚህ ሁሉ ጭቃ ጫማው ንጹሕ ነው፤ እንዴት እንደሚያደርገው እስካሁን አልደረስኩበትም። እናቴ ለአዲሱ ምርት ቃጫ እየፈተለች ስለነበር እኔን ላከችኝ። የሚሉትን ሁሉ ሰምተሽ፣ ከራስሽ አንድም ሳትጨምሪ ንገሪኝ አለችኝ።

መመሪያው ተነበበ። ከመስከረም ጀምሮ ኮረሪማ በኪሎ እንጂ በክር አይሸጥም። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ትልቅ፣ ቡናማና ያልተበሳ ነው። ከመቶ ፍሬ ውስጥ ከዐሥር በላይ የተበሳ ወይም የተሰነጠቀ ከተገኘ ጉዳት እንደ ደረሰበት ተቆጥሮ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። ለየደረጃው ዋጋ ተቆርጦለታል፤ ከተቆረጠው በታች የሸጠም የገዛም ይቀጣል። በመጨረሻ የተነበበው ግን ወገቤን ቀጥ አደረገው። መኪና የሚደርስበት የፊተኛው ረድፍ ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚሰጠው፣ በኅዳር ጭነት ቢያንስ አንድ ኩንታል አንደኛ ደረጃ ላስመዘገበ ብቻ ነው። የቀረው ወደ ኋላ ረድፍ፣ ሸክላና ዶሮ ወደሚሸጥበት ይዛወራል።

የእኛ ቦታ በፊተኛው ረድፍ ከዳር ሦስተኛ ናት። እናቴ ዐሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጣባታለች፤ እኔን አርግዛ እዚያው ሆና ስትሰካ የሚያስታውሱ ሴቶች አሉ። ሐጂ ሻሚል የሚባሉት የጅማ ነጋዴ በየዓመቱ ኅዳር ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙት ከዚያች ቦታ ፊት ለፊት ነው። ኋላ ረድፍ ገባን ማለት እናቴ የዓመቱን ምርት ለሐጂ ሻሚል መሸጧ ቀርቶ ለወጥ የሚሆን እፍኝ እፍኝ ትቸረችራለች ማለት ነው።

እጄን አወጣሁ። “ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ያልደረቀው ከደረቀው ይበልጥ ይከብዳል። በኪሎ ከሆነ ውሃውም አብሮ ሊሸጥ ነው?”

አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ ቆይተው የሳቁት ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። ጋሽ ከፈለኝ መጋዘን ያላቸው፣ የገበያው ትልቁ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው፤ ክር ሰክተው አያውቁም፣ ከዱሮም በጆንያ ነው የሚሠሩት።

ዓለምሰገድ አልሳቀም። ጥያቄዋ ትክክል ነው አለ። ቅጹ ላይ የእርጥበት መጠን የሚሞላበት ዓምድ አለ፣ መለኪያ መሣሪያው ግን ገና አልደረሰንም፤ እስኪደርስ ዓምዱ ላይ ሰረዝ ይደረጋል አለ። ክሩ ለምን እንደ ቀረም አስረዳ። ሃምሳ ነው ብሎ አርባ አራት የሚሰካ አለ፣ ገዢው ይታለላል፣ ሐቀኛውም አብሮ ይታማል። እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ፣ እውነት ነዋ። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ቶሎ ጨርሼ ልጫወት ብዬ አርባ ስድስት አርባ ስድስት ሰክቼ በወስፌው እጀታ ጣቴን ተመትቻለሁ።

ቤት ገብቼ ምንም ሳልጨምር ነገርኳት። እናቴ መፍተሉን አቆመች። የፈተለችውን ቃጫ ጠቀለለችና በኪሎ ካሉ እንግዲህ በኪሎ ይሁን አለች።

ሥራው ግን በኪሎ አልቀለለም። ክር ላይ ያለ ፍሬ ንፋሱና ጭሱ ዙሪያውን ያገኘዋል፤ ቆጥ ላይ የተበተነ ግን በየቀኑ በእጅ ካልተገላበጠ ከታች በኩል ይበሰብሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ስንገለብጥ ዐይናችን በጭስ ቀላ። ለምን በሳምንት አናወርደውም አልኳት። ያልደረቀ ነገር ከቤቷ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ።

በጥቅምት ሙሴ መጣ። ሙሴ ከጫካው ዳር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ቀዩን ፍሬ ለእናቴ ማምጣት የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ያን ቀን ግን ባዶ እጁን መጥቶ በር ላይ ቆመ፣ ግባ ቢባል አልገባ አለ። ጋሽ ከፈለኝ በየኪሎው ከእኛ ጨምረው ስለሚከፍሉት የቀረውን ምርት ለእሳቸው ማለቱን ለመንገር ነው የመጣው። እናቴ አልተቆጣችም። ልጆችህ ደህና ናቸው ብላ ጠይቃ ሸኘችው።

እኔ ግን አላስቀመጥ አለኝ። በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዋጋ እየሸጡ ጋሽ ከፈለኝ እንዴት ለገበሬው ሊጨምሩ ቻሉ?

“እኔ ከአራት ኪሎ ቀይ አንድ ኪሎ ደረቅ አወጣለሁ” አለች እናቴ። “ከፈለኝ ከሦስት ኪሎ አንድ ያወጣል። የቀረው ውሃ ነው። ውሃው እዚያው ጆንያ ውስጥ ሆኖ እንደ ኮረሪማ ይሸጥለታል፤ ከዚያ ላይ ነው ለሙሴ የሚጨምርለት።”

“ታዲያ ሌባ ናቸዋ።”

“ምን ሰረቀ? ደረቅ አምጣ ያለው አለ?”

ይሄን ነገር ብዙ ቀን አሰብኩበት። እናቴ ሦስት ሳምንት ስትደክም የምታገኘው ነገር ቢኖር የኪሎ መቀነስ ነው። ባለፈው ዓመት ድካሟን ቀዳዳው ያሳይላት ነበር። አሁን ቀዳዳው ጥፋት ሆነ፣ ድካሙ ደግሞ ዓምዱ ላይ ሰረዝ ሆነ። ዓለምሰገድ ክፉ አይደለም፣ ጋሽ ከፈለኝ ሌባ አይደሉም፣ እኛ ግን እየወረድን ነው። የሚሰደብ ሰው የሌለበት ችግር እንዴት ያናድዳል።

ኅዳር ገባ። የዓመቱ ምርት ሦስት ጆንያ ሆነ። ወፍጮ ቤት ወስደን አስመዘንነው፣ እያንዳንዱ ሠላሳ አንድ ኪሎ፣ ድምሩ ዘጠና ሦስት። ለፊተኛው ረድፍ ሰባት ኪሎ ጎደለን። የጋሽ ከፈለኝ ጆንያ ልክ በዚያው ስፋት አርባ ሁለት ይመዝናል። ሂሳብ አልወድም ብያለሁ፣ ይሄኛው ግን ማንም ሳያስተምረኝ ገባኝ።

የሐጂ ሻሚል መኪና ሊመጣ ስድስት ቀን ሲቀረው እናቴ ወደ ጌጫ ተነሣች። ወንድሟ አባፎጊ እዚያ አለ፣ የደረቀ ሰባት ኪሎ ከሰው አሰባስቦ እንዲሰጣት ነው። ለእኔ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጆንያዎቹን እንዳትነኪ።

ነካኋቸው።

መንገዱን ያሳየችኝ ውድነሽ ናት፣ በጋሽ ከፈለኝ መጋዘን በቀን ሥራ የምትለቅም። ምሥጢር ልንገርሽ ብላ አይደለም፤ ወሬ ስታወራ ነው። ጆንያው ጣውላ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ሲያድር ኮረሪማው ከመሬቱ ይጠጣል አለች። እኔ ለመሬቱ ብቻ አልተውኩትም። እርጥብ የኮባ ቅጠል ጎዝጉዤ ኮረሪማውን ላዩ ላይ በተንኩት፣ በጣሳ ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ በሌላ ኮባ ሸፈንኩት። ይሄን ለአራት ቀን ደጋገምኩት። የፈለግኩት ሰባት ኪሎ ብቻ ነበር፤ ሰባት ኪሎ ላይ ሲደርስ በቃህ የሚለው ማን እንደሆነ ግን አላሰብኩም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ላዩን በጨርቅ ጠራርጌ መልሼ በየጆንያው ሞላሁት። ቀለሙ ያው ቡናማ ነው። ሳነሣው ወገቤን ሲይዘኝ፣ ውሸቴን ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ኮራሁ።

እናቴ ማምሻውን ከጌጫ ሦስት ኪሎ ይዛ ተመለሰች። ዘጠና ስድስት። ደክሟት ጆንያዎቹን ዞር ብላም አላየች። አላህ ያውቃል ብላ ተኛች፤ እኔም አብሬ አውቃለሁ አላልኩም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሐጂ ሻሚል ከመኪናቸው ወርደው ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ የልጁን የከብቱን ተጠያየቁ። ዓለምሰገድ ሚዛኑን አቆመ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከየጆንያው መቶ ፍሬ ሰፌድ ላይ ይቆጠራል፣ የተበሳና የተሰነጠቀ ይታያል፣ ከዚያ ጆንያው ይመዘናል፣ ቅጹ ተሞልቶ ማኅተም ያርፍበታል። ሐጂ ሻሚል ደግሞ በራሳቸው መንገድ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከታሉ። የጋሽ ከፈለኝን ሃያ ጆንያ እንዲህ አንድ በአንድ ፈተሹ። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን እያራገፉ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። የባህሪያ ዕቃ ነው፣ ምን ይፈተሻል አሉ።

የእኛ ሦስቱም ሰፌድ ንጹሕ ሆነ፣ አንድም የተበሳ የለም። የመጀመሪያው ጆንያ ሚዛን ላይ ወጣ። ሠላሳ ስምንት። እናቴ ከጌጫ ያመጣችውን ሦስት ኪሎ በፌስታል ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር፤ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛው ሠላሳ ሰባት። ሦስተኛው ሠላሳ ዘጠኝ።

“መቶ ዐሥራ አራት” አለ ዓለምሰገድ፣ ፊቱ ፈክቶ። “አየሽ እትዬ ባህሪያ? ስትሰጊ የከረምሽው በከንቱ ነው፤ መመሪያው አልጎዳሽም።”

ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። እኔን ያሳፈረኝ እሱ ነው። ተንኮል የሠራሁበት ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እናቴ እጇን ጆንያው ውስጥ ሰደደች። አንድ ፍሬ አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ፍሬው ሳይሰበር ጎበጠ።

“አርዋ።”

“አቤት።”

“ውሃ ነው?”

“ውሃና ኮባ” አልኩ።

እናቴ ፍሬውን መልሳ ጆንያው ውስጥ ጣለችው። የሐጂ ሻሚል ረዳት ጆንያውን ሊሸከም ሲያጎነብስ ተወው አለችው፣ ወደ ዓለምሰገድም ዞረች።

“እዚያ ዓምድ ላይ ሰረዝ አታድርግ፣ ልጄ። እርጥብ ነው ብለህ ጻፍ።”

ዓለምሰገድ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ዓምዱ የሚቀበለው ቁጥር እንጂ ቃል አለመሆኑን፣ ቁጥሩም ከመሣሪያ መምጣት እንዳለበት ቀስ ብሎ አስረዳት። የዕቃው ባለቤት እኔ እየነገርኩህ ነው አለችው።

“እትዬ ባህሪያ፣ አንቺ መሣሪያ አይደለሽም።”

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ለማሳቅ አልነበረም፣ የተናገረው ሕጉን ነው፤ ሕጉም ልክ እንደዚያ ይላል።

ሐጂ ሻሚል ከጥላው ተነሥተው መጡ። አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው ከፈቱና አሸተቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእናቴ በኦሮምኛ ነገሯት። የዘንድሮ ጭነት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጅማ ላይ መልሰው ያሰጡታል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ይጫን። እናቴም እንግዲያውስ ዋጋውን ቀንሰው ይውሰዱ አለች። ሐጂ ሻሚል ደስ ባላቸው፤ ዓለምሰገድ ግን ሰምቶ ኖሮ አይቻልም አለ። አንደኛ ደረጃ ከተቆረጠለት ዋጋ ዝቅ ካለ እሳቸውም ይቀጣሉ፣ እሷም ትቀጣለች።

“ደረጃውን ዝቅ አድርገዋ። ሁለተኛ በለው።”

“ያልተበሳ፣ ያልተሰነጠቀ ኮረሪማ እንዴት ብዬ ሁለተኛ ልበለው? ይኸው ናሙናው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም።”

እናቴ ሰፌዱን ተመለከተች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ ሳበች፣ ከመቀነቷ ውስጥም ወስፌውን መዘዘች። ክር ከቀረ ሦስት ወር ሆኖታል፣ ወስፌው ግን ከመቀነቷ አልወጣም ነበር።

ምን ልታደርግ እንደሆነ ከሁሉ ቀድሜ የገባኝ እኔ ነኝ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። “እማ፣ ቦታችን” አልኳት በጆሮዋ።

“ቦታዬን አውቀዋለሁ።”

የመጀመሪያውን በሳች። በደንብ የደረቀ ኮረሪማ ወስፌ ሲገባበት ጣ ይላል፤ ሩቅ ያለ ሰው ይሰማዋል። ይሄኛው ምንም ድምፅ አላሰማም። በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ኮረሪማ ሻጮች ናቸው፣ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። ሁለት አለች፣ ሦስት አለች። ከመቶው ዐሥራ አንዱን ወግታ ስትጨርስ ሰፌዱን ለዓለምሰገድ አቀበለችው።

“አሁን ቁጠረው።”

ሁለተኛውንም ሰፌድ እንዲሁ አደረገች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ወስፌውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

“ይሄ ያንቺ ነው። እየቆጠርሽ፣ ሰው እንዲሰማሽ አድርገሽ።”

እኔ በዚህ ገበያ ላይ አፌ ደርቆ የማያውቅ ልጅ፣ አንድ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ወስፌው ስቶ ጣቴን ወጋኝ፣ እናቴ አየችና ቀጥዪ አለች። አምስት፣ ስድስት። ጋሽ ከፈለኝ ከጆንያዎቻቸው መሃል ቆመው ያዩኛል፤ እንደ አዳራሹ ቀን ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቁም። ዐሥራ አንድ ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ዓለምሰገድ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ቆሞ አገላበጠው። ባለቤት የራሱን ኮረሪማ ናሙና ላይ እንዳይበሳ የሚከለክል አንቀጽ ፈለገ፤ ይሄን የሚያደርግ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ አንቀጹም የለም። ቅጹ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ጻፈ፣ ምክንያት በሚለው ላይ የተበሳ ብሎ ሞላ፣ የእርጥበቱ ዓምድ ላይ ሰረዙን አሰመረ። ማኅተሙንም መታ።

ሐጂ ሻሚል በሁለተኛ ደረጃ ዋጋ ከፍለው አስጫኑ። መኪናው ላይ ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና ወደ እኔ መጡ። ከእናትሽ ስገዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ አላውቅም አሉኝ። “ዘንድሮ እሷ ነገረችኝ። ከርሞ ግን እፈትሻለሁ፣ ልጄ።” አልተቆጡም፤ የቴፒን መንገድ ጭቃ እንደሚነግሩኝ ነው የነገሩኝ። እናቴ ሰምታለች። ፌስታሏን አንሥታ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች።

ቤት ውስጥ ዱላ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እሳቱ ዳር ቁጭ አድርጋ ትጠይቀኝ ጀመር። በቀን ስንት ጣሳ? ኮባው ስንት ቅጠል? በስንተኛው ቀን ነው መክበዱን ያስተዋልሽው? ወጥ መሥራት እንደምትማር ሴት ሁሉን ከሥሩ ጠየቀችኝ። ስጨርስ ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነው አለች፣ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሣችም።

ታኅሣሥ አንድ ቀን ቦታ ተደለደለ። የእኛን ቦታ ጋሽ ከፈለኝ ወሰዱት። ራሳቸው መጡ፣ ሠራተኞቻቸው ጆንያችንንና ሰሌናችንን ተሸክመው ወደ ኋላ ረድፍ እንዲያደርሱልን አዘዙ። እናቴ አመሰገነቻቸው። እኔ ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ ሰው ይገርመው ነበር።

“መመሪያውን እኔ አልጻፍኩትም፣ አርዋ” አሉኝ፣ ዐይኔን አይተው።

“አልጻፉትም። ግን ከሁላችን በደንብ አነበቡት።”

 ሲያስቡት አይቻለሁ።

ኋላ ረድፍ ከሸክላ ሻጮቹና ከዶሮዎቹ መካከል ነው። መኪና አይደርስም፣ ጅማ የሚባል ነገር አይታይም። እናቴ ወደ ክሯ ተመለሰች ልበል እንዴ? አልተመለሰችም፣ ክር የተከለከለው ለፊተኛው ረድፍ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሴት መጥታ ለቤት የሚሆን ሩብ ኪሎ ትገዛለች። አንዲት ሸክላ ሻጭ የኮረሪማ ሽታ ጀበናዋን እንደሚያሸጥላት ነግራናለች፤ እኛን ያሸጠልን ግን የለም።

በጥር አጋማሽ ዓለምሰገድ ኋላ ረድፍ መጣ። እዚያ መጥቶ አያውቅም፤ ንጹሑ ጫማው ዶሮዎቹ መሃል ገባ። አንድ የተገለበጠ ጋን ላይ ተቀመጠና ከኅዳሩ ጭነት በኋላ የእርጥበት መለኪያው እንዲላክ ለበላይ ደብዳቤ መጻፉን ነገረን። መልስ መጥቶለታል። ከነጋዴዎች በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ስለሌለ ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም የሚል ነው።

“የሚጠቅማቸው አያመለክቱም” አልኩ። “የጎዳቸው ደግሞ ዶሮ መሃል ናቸው።”

“ለዚህ ነው የመጣሁት። አቤቱታ ያስፈልገኛል፣ ከነማስረጃው።”

“ምን ማስረጃ?”

ከቦርሳው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ወደ እኔ አየ። ቀስ በቀስ ገባኝ። እርጥብ ኮረሪማ ማንም ሳይደርስበት በሚዛን እንደሚያልፍ የሚያሳይ፣ አድርጎት ያየ፣ ኪሎውን ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም የሚያውቅ፣ ሰው ፊት ድምፁን አሰምቶ የቆጠረ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ከፈለኝ እንዲህ አደረግሁ ብለው አይጽፉም።

ይሄን ብጽፍ የእናቴን ንግድ ፈቃድ ይወስዱባታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሊዋሸኝ ይችል ነበር። ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም አለኝ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ትቶልኝ፣ ጫማውን እያየ ሄደ።

ወረቀቱን ጋኑ ላይ ዘረጋሁት። ስሜን ጻፍኩ፣ የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ የገበያችንን ስም ጻፍኩ። ጆንያዎቹ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሲመዘኑ ዘጠና ሦስት ኪሎ ነበሩ ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ የሚሄድበትንም ቦታ አናውቀውም። ይህችም ኋላ ረድፍ እንኳ ብትሆን ከፈቃዱ ጋር የምትሄድ ቦታ ናት።

እናቴ ለአንዲት ሴት ሩብ ኪሎ እየመዘነች ነበር። ሰምታናለች፣ ሁሉንም።

“እማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?”

ከሚዛኗ ቀና አላለችም። አንድ ፍሬ ጨመረች፣ መርፌው እስኪረጋ ጠበቀች።

“ሃያ አንድ ኪሎ ጨመረ በይ” አለች። “ሃያ እንዳትይ።”